ከጋቢናው ሥር

ከእስቴ እስከ ጋይንት ያለ ሰው ስለ እኔ ሚኒባስ የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። መኪናዋ ታማ ነበር፣ መካኒኩ አቅቶት ነበር፣ በመጨረሻ ጠበል አዳናት ይላል። ታሪኩን ያወጣው የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዋርሳዬ። እሱ ሞቷል፤ ታሪኩ ግን አልሞተም። በቅርቡ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የማላውቃት ሴት ለእኔው ለራሴ አወራችልኝ። እስክትጨርስ አዳመጥኳትና «እግዜር ይመስገን» ብዬ ተለየኋት።

በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ የባል ታላቅ ነውና ደንቡ ነው። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ። ከእንግዲህ የሚቆጣኝ የለም።

ነገሩ እንዲገባ ከሥራዬ ልጀምር። በወጣትነቴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ያኔ ስልክ እጀታው እየዞረ የሚደወል ነበር። አንድ ሰው ከጋይንት ወይም ከስማዳ ሲደውል ፊቴ ካለው ሰሌዳ ላይ አንዲት ትንሽ ክዳን «ጠቅ» ብላ ትወድቃለች፤ ገመዱን እሰካና «አቤት» እላለሁ፤ ከሚፈልገው ሰው ጋር አገናኘዋለሁ። የአገሩን መርዶ፣ የነጋዴውን ውሸት፣ የባልና ሚስቱን ጠብ ሁሉ ከባለቤቱ ቀድሜ እሰማ ነበር። ከሰማሁት ግን አንዲቱን ቃል እንኳ ከዚያች ክፍል ይዤ አልወጣሁም። ሰዎች «አፏ የተቆለፈ ነው» ይሉኝ ነበር። አንዳንዱ ሲያመሰግነኝ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ምን እንዳወቅሁበት ስላላወቀ ይፈራኝ ነበር።

በዚያች ክፍል ሌላም ነገር ተማርኩ። ክረምት ሲገባ መስመር ይጠፋል። ዝናብ በጣለ ማግስት ይንሾካሾካል፣ ይቆራረጣል፤ ፀሐይ ስትወጣና ሲደርቅ ደግሞ ይመለሳል። ሊጠግኑ የሚመጡት ሰዎች ሁልጊዜ የሚጀምሩት ስልኩን በመቀየር ነው። አዲስ ይገጥማሉ፣ «በቃ ተሠራ» ብለው ይሄዳሉ፣ ሲዘንብ ተመልሶ ይጠፋል። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የምውል ሴት ነኝ፤ ጉርምርምታው ከስልኩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«ስልኩ ደህና ነው፤ መስመሩን እዩት» እላቸዋለሁ።

«አንቺ አገናኚ፤ መጠገኑን ለእኛ ተይው» ይሉኛል።

ኋላ ምሰሶ ላይ ወጥተው ሽቦ ከሽቦ የተቋጠረበትን ሲፈቱ አረንጓዴ ዱቄት ይረግፋል። መዳብ ውሃ ሲጠጣ እንደዚያ ነው የሚሆነው። «ልክ ነበርሽ» ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። አውቶማቲክ ስልክ ሲገባ ኃላፊው ጠርቶ «ከእንግዲህ ጆሮሽ አያስፈልግም» አለኝ። ቃሉ ይኸው ነው፤ አልጨመርኩበትም።

ባሌ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ መጨረሻ ላይ ሁለታችን ያለንን ሁሉ አሟጠን አንዲት ሚኒባስ ገዛን። ሞተሯ እንደ ትንንሾቹ መኪናዎች ከፊት ክዳን ሥር አይደለም፤ ጋቢናው ሥር ነው። የተሳፋሪውን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ካላነሡት አይታይም። ይህን ልብ በሉት፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ወንበር ሥር ነው የሆነው።

ከዚያ ባሌ ሆዱን ታመመ። እኔ ሐኪም ቤት ይቅደም አልኩ። ዋርሳዬ የለም ጠበል ይቅደም አለ፤ ከጋይንት፣ ከትውልድ ቀዬአቸው በላይ ካለው ምንጭ። «አንቺ እምነት ጎድሎሽ ነው» አለኝ፤ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት። ባሌ የታላቁን ቃል መስበር አልቻለም። ወሰድነው። እዚያ ዳሱ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ በጣሳ እየቀዳሁ አጠጣሁት፤ አብሬውም ጠጣሁ። የዚያን ጠበል ጣዕም እስክሞት አልረሳውም። ሲቀምሱት ጎምዘዝ ይላል፣ ከዚያ ብረት ብረት፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ሥር ጨው ይቀራል። ጣሳው ሲደርቅ ከታቹ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ በጥፍሬ እየፋቅሁ እውል ነበር። በሽታው ሲብስ ግን አልቻልኩም፤ ሰው ለምኜ በቃሬዛ አስነሥቼ ሐኪም ቤት አደረስኩት። ሐኪሙ «ዘገያችሁ» አለ። ሌላ የሚባል አልነበረም።

እኔ በጠበል የማምን ሴት ነኝ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ጠበል ሰደበች እንዳይለኝ። የምወቅሰው ውሃውን አይደለም፤ ውሃውና ሐኪሙ ጠላት ናቸው ብሎ ከመካከል የቆመውን ሰው ነው።

ተዝካሩ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ዋርሳዬ የመኪናዋን ነገር አነሣ። «የወንድሜ ላብ ናት፤ መኪና በሴት እጅ አይቀናም» አለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የንስሐ አባቴም ከመካከላቸው ነበሩ። ወዲህም ወዲያም አሉና እንዲህ ብለው ፈረዱ፤ እስከ ቅበላ ድረስ መኪናዋን እኔ ላሠራት። ጾሙ ሲገባ ከነጉልበቷ መንገድ ላይ ከተገኘች የእኔ ናት፣ ማንም ሁለተኛ አያነሣብኝም። ከቆመች ግን ዋርሳዬ ይወስዳታል፤ ለእኔ በየዓመቱ ቀለብ ይሰፍርልኛል።

ቀለብ የሚሰፈርለት ሰው ምን እንደሆነ በአገራችን የታወቀ ነው። የሰፋሪውን እጅና ፊት እያየ ይኖራል። ቁናው ሞልቶ እንኳ ቢሰፈርለት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጎንበስ ይላል። እኔ ለዚያ ሰው ጎንበስ ብዬ ገብስ የምቀበል ከሆነ ባሌን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

ይህ የሆነው በአጨዳ ሰሞን ነው። ብዙም አልቆየች፤ ገና አውድማ ሳይጣል መኪናዋ ታመመች።

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር እየሄድን፣ ሰው ሞልተን፣ ዳገቱን ስንይዝ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራች። የሞተር ሥዕል ያለባት ናት። ወዲያው መኪናዋ ትንፋሽ አጠራት። ከባሌ በኋላ የቀጠርኩት ሹፌር ማርሽ ቢቀንስም ጉልበት የላትም፤ እያጓራች እንደ ደከመች በሬ ተንፏቀቀች። ሹፌሩ የልጆች አባት የሆነ፣ ጾም የማያፈርስ፣ ዋርሳዬን እንደ አባቱ የሚፈራ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ሰው ይውረድልኝ» አለኝ።

ሰው ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ወጣ። አንዱ ገበሬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ «አህያዬን ብጭን ይሻለኝ ነበር» አለ።

«አህያህስ ዳገት ላይ አትቆምም?» አለው ጓደኛው።

«ብትቆምም መብራት አታበራብኝም!»

ሳቁ። እኔም ከንፈሬን ገለጥ አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ አልሆነልኝም።

ደብረ ታቦር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ጮክ ብሎ የሚያወራ፣ ሆዱ ከቀበቶው የወጣ፣ ደንበኛ ካልሰማው ሥራ የማይሠራ ሰው ነበር። ከመሪው ሥር አንድ የእጅ መሣሪያ ሰካና ጽሑፉን አነበበ። «ይኸው፣ በራሷ አንደበት ተናገረች» አለ። «የካምሻፍት ሶሌኖይድ።»

ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ይህንን እንኳ በደንብ አስረዳኝ፤ የሰጠውን አልክደውም። ሞተሩ የሚተነፍስባቸውን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ዘንግ አለ፤ ካምሻፍት ይባላል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትሆንና ዳገት ስትይዝ ግን አተነፋፈሷ አንድ መሆን የለበትም፤ በሮቹ ጥቂት መቅደም ወይም መዘግየት አለባቸው። ለዚያ የሞተር ዘይት እያሾለከች ዘንጉን የምታስተካክል ጣት የምታህል ነገር ናት ሶሌኖይድ። በውስጧ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣላት ትስባለች፣ ሲቀርባት ትለቃለች። እኔ በልቤ የስልክ ሰሌዳዬ ክዳን ናት አልኩ። እሷም በዚያው መንገድ ነበር የምትሠራው።

ሶሌኖይዷን በአዲስ ቀየራት። መብራቷ ጠፋች። በመልሱ መንገድ ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ ዘፈነች ማለት ይቻላል።

ሰኞ ተመልሳ በራች።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ሰኞ ትታመማለች፤ ማክሰኞ ረቡዕ ታነክሳለች፤ ሐሙስ ገደማ መብራቷ ራሷ ጠፍታ ደህና ትሆናለች። ቅዳሜ እንደ አዲስ ትወጣለች። እሑድ ቆማ ታርፋለች። ሰኞ እንደገና። መካኒኩ በስልክ «መኪና ቀን አታውቅም እትዬ» ይለኛል። ሹፌሩ «ሰኞን ትፈራለች» ይላል። ዋርሳዬ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ፈረደ። በሴት እጅ የገባ ንብረት ዓይን ይበዛበታል አለ፤ ይህንንም ያለው እኔን ቆሞ እያየ ነው።

እሱ እህል ነጋዴ ነበር። ዓርብ ዓርብ ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ይውላል፤ ሲመለስ በትውልድ ቀዬው በኩል አልፎ ከዚያ ምንጭ ጠበል በጀሪካን ይቀዳል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ እኔ በር ይመጣል። «ጎማዋን ልርጭላት» ይላል። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ነው፤ ጎማና መስታወት ላይ ረጭ አድርጎ «በሰላም ግቢ» ማለት። ምን እላለሁ? ፊቱን ላለማየት ከቤት አልወጣም ነበር። ሹፌሩ ቁልፍ ይዞ ይቆምለታል፤ የመኪናዋ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ እሰማለሁ።

ቅበላ ሲቃረብ መኪናዋን ይዤ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ሐሙስ እስኪደርስ አልጠበቅሁም፤ ሰኞ እንደታመመች ወሰድኳት። በሽተኛን ሲሻለው ለሐኪም ማሳየት ምን ይጠቅማል?

መካኒኩ መሣሪያውን ሰካ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ያው ነው። እንግዲህ ሶሌኖይዷ አዲስ ናት፤ የቀረው ኮምፒውተሩ ነው። ተቃጥሏል። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ከፋሲካ በፊት እንኳ እንጃ።»

ከፋሲካ በፊት እንጃ ማለት ከቅበላ በኋላ ማለት ነው። ቁናው ታየኝ።

«እስቲ መሣሪያህ ያለውን እንዳለ አንብብልኝ» አልኩት። «ሶሌኖይዷ ተበላሽታለች ነው የሚለው?»

«የሶሌኖይዷ ሰርኪዩት ነው የሚለው።»

«ሰርኪዩት ማለት?»

«መስመሯ ነዋ። ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ፣ እሷ ጋ ደርሶ፣ የሚመለሰው መንገድ ሁሉ።»

«አንተ ምኑን ቀየርክ?»

«እሷን።»

«አሁንስ ምኑን ልትቀይር ነው?»

«ኮምፒውተሩን።»

«ወዲህ ጫፍና ወዲያ ጫፍ መሆናቸው ነው። መሀል ያለውን መንገድ ማን አየው?»

 ሠራተኞቹ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ «እትዬ፣ ስልክ ቤት መሰለዎት እንዴ?» አለ።

«ስልክ ቤትማ ቢሆን አንተን ይህን ጊዜ ምሰሶ ላይ አውጥቼህ ነበር።»

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ ነው፤ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ። ሰውን የማውቀው በዚህ ነው፤ በራሱ ላይ መሳቅ የሚችል ሰው መስማትም ይችላል። «እሺ» አለ፣ «ዛሬ አለቃዬ እርስዎ ነዎት» ብሎ የጋቢናውን ወንበር አነሣው።

መጀመሪያ ሶሌኖይዷን ከሶኬቷ አላቆ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ነካባት። ደህና ናት። ከባትሪው በቀጥታ ለአፍታ ኤሌክትሪክ ሰጣት። «ጠቅ» አለች። ያን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው! ክዳኗ ሰሌዳዬ ላይ የወደቀች መሰለኝና «አቤት» ልል ምንም አልቀረኝ።

«ይህቺ ደህና ናት» አልኩ።

«ደህና ናት» አለ እሱም።

ቀጥሎ ወደ እሷ በሚመጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ቴስተሩን አደረገ። «ይኸው፣ ሙሉ ኤሌክትሪክ አለ። መስመሩም ደህና ነው አላልኩም?» አለና ቀና ብሎ አየኝ።

ይህ እኔንም ለጊዜው አደናገረኝ። ከዚያ ስልክ ቤቱ ትዝ አለኝ። የታመመ መስመር ምንም ሳይጫነው ጤነኛ ይመስላል፤ ሰው ሊናገርበት ሲል ነው የሚከዳው። «እንዲሁ አትለካው» አልኩት፤ «ሥራ ስጠውና እየው።»

አንዲት ትንሽ የመኪና አምፖል አምጥቶ ከዚያ ሽቦ ጋር አገናኛት። ቦግ ማለት ሲገባት ዘይቱ እንዳለቀ ኩራዝ ቀልታ ቀረች። መካኒኩ ወዲያው አምፖሏን ነቅሎ ኮምፒውተሩ አጠገብ ከሚነሣው ጫፍ ላይ አደረጋት፤ እዚያ ቦግ አለች። እንግዲህ ኮምፒውተሩም ይሰጣል፣ ሶሌኖይዷም ትቀበላለች፤ የሚበላው መሀል ላይ ነው።

ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ከወንበሩ ሥር፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ፣ ሁለት ሽቦዎች የሚጋጠሙበት አንድ ሶኬት በፕላስተር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፕላስተሩን ፈታው፣ ሶኬቱን ላቀቀው። አረንጓዴ ዱቄት እጁ ላይ ረገፈ። ዙሪያውን ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይዟል።

«ይሄ የውሃ ሥራ ነው» አለ መካኒኩ። «በበጋ ምን ውሃ አለ?» ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቀና፣ እንደ ልማዱ ይሆናል፣ ምላሱ ላይ አደረገው። ፊቱ ተጨማደደ። «ጨው! እትዬ፣ መኪናዋን ወጥ ውስጥ ነከራችኋት እንዴ?»

ሶኬቱን ተቀበልኩት። ነጩን ቅርፊት ሳየው እጄ አውቆታል፤ በጥፍሬ ስፍቀው የባሌ ጣሳ ነው። ቀመስኩት። ጎምዘዝ አለኝ፣ ብረት ብረት አለኝ፣ ምላሴ ሥር ጨው ቀረ።

አጠገቤ የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ውሃ አምጡላቸው ሲል ሰማሁት። እኔ ግን ዳሱ ውስጥ ነበርኩ።

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«አንተ» አልኩት፤ «እዚህ ውስጥ ውሃ ማን አፈሰሰ?»

«ውሃ አይደለም እትዬ» አለ ሳይዞር። «ጠበል ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ሽማግሌዎቹ በፈረዱ ሰሞን ዋርሳዬ «የወንድሜ መኪና ናት፣ ከሥሯ ትባረክ» ብሎ ወንበሩን አስነሥቶ አፈሰሰባት። መብራቷ የበራችው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቷ ስትበራ ደግሞ መጠኑን ጨመረ። ሹፌሩ ፈራ ተባ እያለ «ጎማዋ አይበቃም?» ብሎት ነበር። «ሞተሯን ታማ እግሯን ልንጠምቅ ነው? ሕመሙ ካለበት ነው የሚፈሰው» አለው። እሑድ ይፈሳል፤ ሲያድር ሶኬቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰኞ ትታመማለች። በሳምንቱ ሙቀት እየደረቀ ሐሙስ ይሻላታል። ሲሻላት «አያችሁ፣ ጠበሉ እየሠራ ነው» ይላል።

ተንኮል ነበር ወይ? ይህን ብዙ አሰብኩበት፤ ዛሬም አስባለሁ። ልቤ ተንኮል ነው ማለት ይፈልጋል፤ መኪናዋ ብትቆም የሚወስዳት እሱ ነውና። ግን ከአርብ ገበያ ያን ሁሉ መንገድ ጀሪካን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው፣ ለራሱ ቤት ከሚያስቀረው ይልቅ ለመኪናዋ የሚያፈሰው የሚበልጥ ሰው፣ ከልቡ ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ተንኮለኛን ሰው ይነቃበታል፤ አንድ ቀን ያፍራል፣ ያቆማል። ልክ ነኝ የሚል ሰው ግን በሽተኛው በባሰበት ቁጥር ይጨምራል እንጂ አያቆምም።

መካኒኩ የተበላውን ሶኬት ቆርጦ አወጣ፣ አዲስ ገጠመ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጎ አሰረው። አምፖሏን መልሶ ሞከራት፤ ቦግ አለች። አሮጌውን ሶኬት ሊጥለው ሲል ተቀበልኩትና የነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

እንደተመለስኩ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምኩና «አባ፣ ጠበል ሽቦ ላይ ቢፈስ ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ጠበል ለሚያምን ነው ልጄ። ሽቦ ምን ብሎ ያምናል?» አሉና ሳቁ። ቋጠሮውን ፈትቼ ሳሳያቸው ግን ሳቃቸውን ተዉት። ሶኬቱን አገላብጠው አዩት። የማን እጅ እንደሆነ መንገር አላስፈለገኝም።

«ሽማግሌ ፊት ልታወጪው ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

«አታውጪው። አሁን የተያዘው የመኪና ነገር ነው፤ አንቺም ትረቻለሽ። ይህን ካወጣሽ ነገሩ ከመኪና ይወጣና የሃይማኖት ይሆናል። ጠበል መኪና አበላሸ አለች ይሉሻል። ያን ጊዜ እኔም አልደርስልሽም።»

አልወደድኩትም። ልክ መሆናቸውን ግን አወቅሁ፤ አለመውደድና ልክነቱን ማወቅ አብረው ሲመጡ ነው ሰው የሚቃጠለው።

የቅበላ ዋዜማ ሽማግሌዎቹ መጡ። መኪናዋ ላይ ጤፍና ገብስ ጫንን፣ በላዩ እነሱ ተሳፈሩ። ዋርሳዬ እንደ ልማዱ ጋቢና ገባ፤ ልክ ከሞተሩ በላይ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳገቱን ስንይዝ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ሞተሯ ወዲያው ትንፋሿን ሳበች፣ ድምፅዋ ሞላ፣ እህሉንም ሽማግሌውንም ይዛ ሳታቋርጥ ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ አንዱ ሽማግሌ «እሰይ!» ብለው ጭራቸውን አወናጨፉ።

ወረድን። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ወደ እኔ ዞረው «ምን ሆና ነበር ልጄ?» አሉ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዋርሳዬ ቀደመኝ። «ምን ሆና ነበር ይላሉ እንዴ? ጠበሉ ነዋ! ሳላሰልስ ሳጠምቃት ከረምኩ። የታመነ ይድናል። ወንድሜስ ቢሆን ከጠበሉ ጎትተው ባያወጡት ዛሬ እዚህ አብሮን ይቆም አልነበር?»

ጎትተው ያለው እኔን ነው። ሁሉም አውቋል፤ ሁሉም መሬት መሬት አየ። የነጠላዬን ቋጠሮ ጨብጬዋለሁ፤ የሶኬቱ ጠርዝ መዳፌን ወጋኝ። የንስሐ አባቴ ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ብናገር እሱ ያፍራል፤ መኪናዋ ግን ታመልጠኛለች። ዝም ብል መኪናዋ የእኔ ናት፤ ባሌን የገደልኩት ግን እኔ ሆኜ እቀራለሁ።

«ሽቦ ነበር፤ ተሠራ» አልኩ።

«የሆነው ሆኖ ድናለች» አሉ ሽማግሌው። «መኪናዋ የእሷ ናት። ከእንግዲህ የሚያነሣ ቢኖር እግዜር ይይለት።» አሜን ተባለ። ዋርሳዬም አሜን አለ፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ።

ተመልሰን ሰዉ ሲበተን ደጄ ላይ ብቻውን አገኘሁት። ቋጠሮውን ፈትቼ ሶኬቱን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ይቅመሱት» አልኩት።

«ምንድን ነው?»

«ይቅመሱታ።»

ነጩን ቅርፊት በጥፍሩ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገው። ሲያውቀው አየሁት፤ ፊቱ እንደ ሕፃን ሆነ። «የእኛው ነው» አለ። «ከየት አገኘሽው?»

«ከጋቢናው ሥር። ካፈሰሱበት።»

አረንጓዴውን አየ። ሶኬቱን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። የተበላውን ሽቦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሊቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሶኬቱን ቀስ አድርጎ እጄ ላይ መለሰልኝ።

«በዝቶ ይሆናል» አለ።

ስለ መኪናዋ ይበለው ስለ ወንድሙ አልጠየቅሁትም። እሱም ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ደጄ አልመጣም። ታሪኩን ግን ገበያ ለገበያ ይዞት ዞረ፤ ከእኔ ፊት ብቻ አያወራውም ነበር። ኋላ እያረጀ፣ ጭነት መኪና ላይ መውጣት ሲያቅተው፣ ወደ ጋይንት ሲሄድም ሲመለስም እስከ ደብረ ታቦር ያለውን በእኔ መኪና ይጓዝ ጀመር። ሹፌሩ ጋቢናውን ይከፍትለታል። እሱ ግን አልፎ ይሄድና መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጀሪካኑን በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ፣ አፉን በጨርቅ ጠቅጥቆ። ዳገቱን ስንይዝ በመስታወቱ አየዋለሁ። አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ሞተሯን ያዳምጣል። ጋቢና የተቀመጥኩት እኔም አዳምጣለሁ። እስክትወጣ ድረስ ሁለታችንም ቃል አንተነፍስም።